አንዲት አበባ

«ይሄ ምንድን ነው?»

አፍንጫ የሚሏት ሴት ትንሿን ቡናማ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ስትደነቅራት ማንኪያዎቹና ብልቃጦቹ ሁሉ ተንጫጩ። ታናሽ እህቷ ሚጢጢ የወደቀ ክዳን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ነበርና እንዳጎነበሰች ቀረች።

«ምኑ እትዬ?»

«ምኑ ትለኛለች! ከእጅ መታጠቢያው ኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያገኘሁት ነዋ! መነጽርሽን አስተካክይና አንብቢው።»

ሚጢጢ ቀና አለች። ጠርሙሷን አላነሳቻትም፤ ማንበብም አላስፈለጋትም።

«ቫኒላ» አለች።

«አልሰማሁም።»

«ቫኒላ! ቫኒላ ነው አልኩ እኮ፣ ጎረቤት ይስማ እንዴ?»

«ይስማ! ይስማ እንጂ! በዚህ ቤት ቫኒላ ምን ይሠራል? ብስኩት መጋገር ጀመርን? ወይስ እኔ ሳልሰማ ሱቁን ለኬክ ቤት ሸጥሽው?»

አፍንጫ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ የሰፈር ስም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽቶ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ጎረቤት ሳይቀር የገዛው ወተት የከረመ ሲመስለው «እስቲ አንዴ አሽቺልኝ» እያለ በሯን ያንኳኳ ነበር። ሚጢጢም ስም ሆኖ አይደለም፤ በሕፃንነቷ እፍኝ የማትሞላ ስለነበረች የወጣላት ነው። አሁን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በጓዳው ጠባብ በር የምታልፈውም በጎኗ ነው፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። ሁለቱ እህትማማቾች ያላቸው አንድ ሱቅና ከሱቁ ኋላ አንድ የሥራ ክፍል ነው። ታላቂቱ ከኋላ ትሠራለች፣ ታናሺቱ ከፊት ትሸጣለች። የሚሸጡትም አንድ ሽቶ ብቻ ነው። ስሙ «አንዲት አበባ» ይባላል። ከጃስሚን በቀር ምንም የለበትም፤ ስሙም ይህንኑ ነው የሚናገረው።

የዛሬው ቁጣ የተነሳው ሱቁ ገና እንደተከፈተ ነው። መምህርቷ መጣች። ይህች ሴት በዓመት አንድ ጠርሙስ ሳታጓድል የምትገዛ የጥንት ደንበኛ ናት። ባለፈው ሳምንት የወሰደችውን ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና አፍንጫን አስጠራቻት።

«ተቀየረብኝ» አለች።

«ምን ሆኖ?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ እንጃ… ኬክ ኬክ ይላል። ለልጄ ሰርግ እኮ ነው የወሰድኩት። እኔ ራሴ በዚህ ሽቶ ነው የተዳርኩት፣ ታውቂያለሽ። እሁድ ልጄን ኬክ አስመስዬ ልዳራት?»

አፍንጫ ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተች። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ እሷን የሸተታት ጃስሚን ነው። ጥርት ያለ ጃስሚን፤ ኬክ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ነገር ግን መምህርቷ እንዲያው ለወሬ ያህል የምትናገር ሰው አይደለችም። አፍንጫን ቀዝቀዝ አላት። ቅዝቃዜውን ደግሞ ቶሎ ብላ ቁጣ አለበሰችው፤ ቁጣ ይሞቃላ።

«እውነትሽን ነው» አለች። «ሰው ነክቶታል። እስከ ማታ ጠብቂኝ፣ ለእሁዱ አላሳፍርሽም።»

መምህርቷ ከወጣች በኋላ ሚጢጢ ባንክ ቤት ደርሳ እስክትመለስ፣ አፍንጫ ሱቁን ከላይ እስከ ታች በረበረችው። ቫኒላውንም ያገኘችው ያን ጊዜ ነው።

«እሺ ንገሪኝ» አለች አሁን፣ ጣቷን ጠርሙሷ ላይ እንደቀሰረች። «ጃስሚን ምን ዓይነት ናት? ሠላሳ ዓመት ሸጠሻታል። ምን ዓይነት ናት?»

«ነጭ አበባ ናት፣ ለስላሳ…»

«ለስላሳ! ነጭ ስለሆነች የዋህ መሰለችሽ! ስትገባ ትስቃለች፣ አዎ። ትኩስ ወተት ናት፣ ማር ናት። ቆየት ስትል ደግሞ እንደተሰበረ ቅጠል ትመርራለች። ሰው ሁሉ ‹አቤት ደግነቷ› ሲል ከሥሯ ላቧን ታወጣለች። ላብ! የሰው አንገት አለባት፣ ተኝተውበት የሞቀ አልጋ አለባት፣ በረት ሳይቀር አለባት! መንገደኛውን ዞር የሚያስብለው እሱ ነው እንጂ ማሩማ የትም አለ። አንቺ ግን አፏ ውስጥ ስኳር ጎሰጎስሽባት። ተሳዳቢ ልጅ እንግዳ ፊት እንዳታዋርድ ከረሜላ አጉርሰው እንደሚያስቀምጧት አድርገሽ አስቀመጥሻት!»

ሚጢጢ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ መወልወል ጀመረች። ስትናደድ ልማዷ ነው። አፍንጫ ግን ያፈረች መሰላት።

«ዝም አትበይኝ!»

«ምን ልበልሽ እትዬ? ጨምሬያለሁ። እኔ ነኝ የጨመርኩት። አራት ወር ሆነኝ።»

«አራት ወር!»

አፍንጫ የምትይዘውን አጥታ ከኋላዋ ያለውን የትሪ መደርደሪያ ጨበጠች። ሥራው እንዲህ ነው። የበሬ ሞራ ይቀልጣል፣ ይጠለላል፣ የራሱ ጠረን እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ በእንጨት በተከፈፈ የመስታወት ትሪ ላይ በስሱ ይቀባል። አሥራ ሁለት ትሪ አላት። በየማለዳው የጃስሚን አበቦች አንድ በአንድ በፊታቸው እየተደፉ ሞራው ላይ ይደረደራሉ። በማግሥቱ ይለቀሙና አዲስ ይደረደራል። ጃስሚን ከተቀጠፈች በኋላም አንድ ቀን ሙሉ ትተነፍሳለች፤ ሞራው ትንፋሿን ይጠጣል። ከወር በኋላ ሞራው በአልኮል ሲታጠብ አልኮሉ ሽታውን ይዞት ይወጣል። የዚህ ሥራ ጠላት ውሃ ነው። ጤዛ የያዘ አበባ ትሪው ላይ ከገባ ሞራው ይበላሻል። መጀመሪያ ላይ ዓይን አያየውም፣ እጅም አያገኘውም፤ የሚያገኘው አፍንጫ ብቻ ነው። ስለዚህ አበባው ሲመጣ አፍንጫ ከጓዳው በር አጠገብ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ፣ ቅርጫቱ ደጃፉን ሳያልፍ ታሸትተዋለች። በዚያ ዱካ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አያውቅም።

«ሰላም ለዚህ ቤት!» የሚል ድምፅ ከሱቁ በኩል መጣ። አበባ አምጪው ነው፤ ቅርጫቱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ጓዳው በር ላይ ቆመ። «የተጣላ ካለ አስታርቃለሁ፣ የታረቀ ካለ አጣላለሁ! ጎማ ፈንድቶብኝ ነው እሜቴ ያረፈድኩት። ደግሞ ዛሬም ትንሽ ጤዛ ቢጤ ነካክቶታል። ግን አንቺ መቼም ደግ ሆነሻል፣ እግዜር ይስጥሽ።»

«ምን ሆኛለሁ?»

«ደግ! ከክረምቱ ወዲህ። ድሮማ ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ ‹ረጥቧል፣ መልስ!› ነበር። ስንት ቅርጫት ለፍየል አብልቻለሁ መሰለሽ። አሁን ባመጣሁልሽ ቁጥር ‹ጥሩ ነው፣ አስቀምጥ› ነው። ሚስቴ ‹ያቺ ሴትዮ ታማ ይሆን እንዴ፣ ምን ነካት?› ስትለኝ፣ ‹ዝም በይ፣ እርጅና አለስልሷት ነው፣ እንዳትሰማሽ› አልኳት።»

ብቻውን ሳቀ። ሁለቱን ሴቶች አንድ በአንድ አያቸውና ሳቁን አቆመ።

«ስንት ጊዜ?» አለች አፍንጫ።

«ምኑ?»

«እርጥብ አበባ ያስገባህብኝ ስንት ጊዜ ነው?»

«እሜቴ፣ ዝናቡ እኮ ዘንድሮ… እኔ እኮ አልደበቅኩሽም፣ አንቺው አሽትተሽ ነው የተቀበልሽኝ…»

«ውጭ ቆየኝ።»

«ልሂድ?»

«ቆየኝ አልኩህ!»

ሰውዬው ቅርጫቱን እንዳቀፈ ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ። አፍንጫ ወደ እህቷ ዞረች። ክረምት ላይ ከባድ ጉንፋን ይዟት ሁለት ሳምንት ተኝታ እንደነበር ሁለቱም ያስታውሳሉ። ከዚያ ተነሳች፣ ወደ ትሪዎቿ ተመለሰች፣ አሸተተች፤ ጃስሚኑ እንደ ድሮው ሸተታት። የሚያጠራጥር ምንም አልነበረም።

ሚጢጢ ከመሳቢያው ሁለት ማንኪያ አወጣች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«እኔን ልትፈትኚ ነው? አንቺ?»

«ከፈራሽ ተዪው።»

ይህችን ቃል አፍንጫ የምታልፋት አልነበረችም። ዓይኗን ጨፈነች። የሚጢጢ ኮቴ ወደ ትሪዎቹ ሄደ፣ ተመለሰ። አንድ ማንኪያ ከአፍንጫዋ ሥር መጣ።

«ጃስሚን» አለች ወዲያው። «ጥሩ ጃስሚን። ምን ሆነ?»

ሁለተኛው መጣ።

«ይሄም ጃስሚን። ትንሽ ቀጠን ይላል። የዚህ ሳምንት ነው።»

«ግለጪ።»

ገለጠች። በአንደኛው ማንኪያ ላይ ቢጫ ያለ ሞራ ነበር። ሁለተኛው ባዶ ነበር።

«ይሄ ከሰባተኛው ትሪ የቆነጠርኩት ነው» አለች ሚጢጢ። «ከርፍቷል እትዬ። አፍንጫዬን ይዤ ነው የቆነጠርኩት። አሥራ ሁለቱም እንዲሁ ናቸው። ይሄኛው ማንኪያ ደግሞ ምንም የለበትም። ታጥቦ የደረቀ ማንኪያ ነው።»

«ውሸትሽን ነው!»

አፍንጫ ማንኪያዎቹን ከእጇ መትታ ጣለቻቸው። የቫኒላውን ጠርሙስ አነሳች፣ ክዳኑን በጥርሷ ነቅላ አፍንጫዋ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አስጠግታ ሳበች። ጃስሚኑን የሚያሸትትላት ትዝታዋ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ትዝታ ባዶ ማንኪያ ላይ እንኳ አበባ ያበቅላል። ከቫኒላ ጋር ግን ኖራ አታውቅም። ትዝታዋ የሚያቀብላት ነገር አልነበረውም። ደጋግማ ሳበች። ውሃ እንደማሽተት ነበር።

ጠርሙሷን ቀስ ብላ አስቀመጠቻት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሻለሁ!» ሚጢጢ ፈነዳች። «ከአራት ወር በፊት እዚህ በር ላይ ቆሜ ‹እትዬ፣ ጠረኑ ልክ አይደለም› አልኩሽ። ምን አልሽኝ?»

«አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ! ‹ያንቺ አፍንጫ የመነጽር ማንጠልጠያ ነው› አልሽኝ። ደንበኛ ፊት! ሰው ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ? በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሥራ አስተምሪኝ ብዬ እዚህ ክፍል ገባሁ። ‹ሽንኩርት ሽንኩርት ትያለሽ› ብለሽ አስወጣሽኝ። አንድ ቀን ሽንኩርት በላሁ፣ ሠላሳ ዓመት ባንኮኒ ጀርባ አስቀመጥሽኝ!»

«ስለዚህ ልትበቀይኝ…»

«ስምሽ እንዳይጠፋ ብዬ ነው!»

«ስሜንማ አንቺ አጠፋሽው!»

«አንቺ ነሽ ያጠፋሽው፣ እኔ ሸፈንኩት!»

«ማን ሸፍኚልኝ አለሽ? ማን?» አፍንጫ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «በየማለዳው ‹እንዴት አደርሽ እትዬ› እያልሽ ፊቴን ታያለሽ። ስንጎራደድ ታያለሽ። ‹ጥሩ ነው፣ አስቀምጥ› ስል ትሰሚያለሽ። የከረፋ ሞራ አሽትቼ እንደ ሞኝ ፈገግ ስል ቆመሽ ታያለሽ! ሰደብኩሽ እሺ፣ ለምን መልሰሽ አልሰደብሽኝም? ለምን ማንኪያውን ያን ቀን አላመጣሽልኝም?»

ሚጢጢ መነጽሯን አደረገች፤ መልሳ አወለቀች።

«አሳዘንሽኝ» አለች በመጨረሻ።

ይህ ከስድብ ሁሉ የባሰ ነበር። አፍንጫ ሰፊውን መፋቂያ ቢላዋ አነሳች፣ የብረት ባልዲውን በእግሯ ሳበች፣ የመጀመሪያውን ትሪ ከመደርደሪያው አወረደች። ትናንት በራሷ ጣት አንድ በአንድ ከደረደረቻቸው አበቦች ጋር ሞራውን ጠራርጋ ባልዲው ውስጥ ጣለችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። የወር ሥራ ነው የምትጥለው፤ መስታወቱ እየተንጫጫ። ሚጢጢ እጇን ዘረጋች።

«አትንኪ!»

አራተኛው። አምስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠራት። ስድስተኛውን ጨርሳ ትሪውን ግድግዳው ላይ ስታስደግፍ፣ ሚጢጢ ሳትጠይቅ ሰባተኛውን አውርዳ መፋቅ ጀምራ ነበር። ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ነው የምትፍቀው፤ ሽታው እየገፋት። አፍንጫ አየቻት። አትንኪ አላለችም። የራሷ ፊት ትሪው ላይ ተደፍቶ እንደነበርና ምንም እንዳልገፋት ገባት። የቀሩትን ሁለት ሆነው ፋቁ።

«የመምህርቷ ልጅ እሁድ ትዳራለች» አለች አፍንጫ፣ ባልዲው ከሞላ በኋላ። «አላሳፍርሽም ብያታለሁ። ደውዬ ‹ሽቶ የለኝም› እላታለሁ።»

ሚጢጢ እጇን ታጥባ ወደ ሱቁ ወጣች። ስትመለስ በራሷ የአንገት ልብስ የተጠቀለለ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ ነበር።

«ያምና ነው። ካምናው አንዱን አስቀርቼ ነበር። ለሙሽራዋ ይበቃል።»

«ከኔ ደብቀሽ?»

«ከፍዬ ነው የወሰድኩት።»

«አንቺ ሽቶ አትቀቢ፣ ምን ሊያደርግልሽ?»

«ማለዳ ማለዳ፣ ሱቁን ሳልከፍት፣ አሸተዋለሁ። ትክክለኛዋ ይህች ናት እያልኩ። እንዳልረሳ።»

አፍንጫ ጠርሙሱን ልትቀበል እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ብታሸተው ጃስሚን እንደሚሸታት ታውቃለች። ባዶ ቢሆንም ይሸታታል።

«አሽቺው» አለች። «ምን ትላለች?»

ሚጢጢ ሁለት ጠብታ እጇ አንጓ ላይ አደረገች፣ አራግባ ጠበቀች። ወዲያው አልጣደፈችም።

«ገብታ ሳቀች። ወተቱ አለ። ማሩ አለ። አሁን ቅጠሏ መጣ፣ መረር ብሏል።» ቆየች። «ላቧ ይኸው። አንገት አንገት ይላል። ከሱ ሥር ደግሞ… አትሳቂብኝ እንጂ፣ ደረቅ የሻይ ቅጠል ይመስለኛል። የሻይ ቆርቆሮ ሲከፈት የሚመጣው። ትኩሱ ሽቶ ላይ የለም፤ ሲከርም ነው የሚመጣው።»

አፍንጫ አልሳቀችም። የሻይ ቅጠሉን ለማንም ነግራ አታውቅም። ዓመት ከሞላው ሽቶ በቀር አያወጣውም፣ እሱንም ለማግኘት ስንት ዓመት እንደፈጀባት ታስታውሳለች። እህቷ ማንም ሳያስተምራት ባንኮኒ ጀርባ ቆማ አግኝታዋለች። ይህም አናደዳት፤ በማን እንደምትናደድ ግን ጨነቃት። ሠላሳ ዓመት ከዓይኗ ሥር የነበረ አፍንጫ!

«ለመምህርቷ አንቺ ስጪያት» አለች። «ኬኩ ከየት እንደገባም ንገሪያት። የኔንም ንገሪያት። ሁሉንም።»

«እሺ እትዬ።»

«እሺ እትዬ አትበይኝ፣ ገና ቁጣዬ አልበረደም።»

«የኔም አልበረደም» አለች ሚጢጢ።

«ሰዎች!» አለ አበባ አምጪው ከውጭ። «ልሂድ ወይስ ልግባ? እኔ ብጠብቅ አበባው አይጠብቅ!»

«ግባ!»

ገባ። ቅርጫቱን እንደ ልማዱ ከጓዳው በር ላይ፣ ከዱካው ፊት አኖረ። አፍንጫም እንደ ልማዷ ወደ ዱካው ሄደች። ልትቀመጥ ጎንበስ ካለች በኋላ ቆመች። የሽርጧን ጫፍ አንስታ የዱካውን መቀመጫ ጠረገችው፤ ከዚያ በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ እህቷ አስጠጋችው።

«ሽንኩርት በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«ተቀመጪ።»

ሚጢጢ ዱካውን አየችው፣ ታላቋን አየቻት። ዱካው ለሷ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም ተቀመጠች። ቅርጫቱ ላይ አጎንብሳ የላዩን አበባ በእጇ ገለጥ ገለጥ አደረገች፣ ከሥር ያለውን አሸተተች። ከዚያ ቀና ብላ አፍንጫን ተመለከተች።

«እኔን ምን ታዪኛለሽ? ቅርጫቱን ነው ያልኩሽ።»

«ረጥቧል» አለች ሚጢጢ በቀጭኑ።

«አልሰማሁም።»

«ረጥቧል! መልስ!»

አበባ አምጪው ባርኔጣውን አወለቀና ምሕረት ፍለጋ ወደ አፍንጫ ዞረ። «እሜቴ…»

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለችው አፍንጫ። «መልስ ተብለሃል።»